ፒንግ ስላልመለሰ ማሽኑ ሞቷል አይባልም

ሰላም ወንድሜ። ያልከው እንዲህ ነው፦ ዊንዶውስ የጫንክበት ቨርችዋል ማሽን (በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ፕሮግራም የሚሠራ ኮምፒውተር) አለህ፤ እስከ ትናንት በሪሞት ዴስክቶፕ (የሌላ ኮምፒውተርን ስክሪን ከርቀት በሚከፍተው ፕሮግራም) ትገባበት ነበር፤ ዛሬ «ከሪሞት ኮምፒውተሩ ጋር መገናኘት አልተቻለም» ይልሃል። ፒንግ ብታደርገው («አለህ ወይ?» የሚል አጭር የኔትወርክ ጥያቄ ብትልክለት) መልስ የለም፤ ሬስታርት ብታደርገውም ለውጥ የለም። ስለዚህ አጥፍተህ እንደ አዲስ ልትጭነው አስበሃል። አንዱ ወንድማችን ደግሞ «ፋየርዎሉን አጥፋውና ሞክር» ብሎሃል።

እንደ አዲስ አትጫነው፤ ፋየርዎሉንም (ወደ ማሽኑ የሚገባውን ግንኙነት የሚያጣራውን አጥር) ገና አትንካው። የሰው ሰርቨር ስጠብቅ ዓመታት አልፈዋል። በዚህ ጉዳይ የማየው ትልቁ ጥፋት ችግሩ የት ላይ እንዳለ ሳይታወቅ ሴቲንግ መነካካት ነው። ከላፕቶፕህ ተነስተህ የማሽኑ ዴስክቶፕ እስኪታይህ ድረስ ግንኙነቱ የሚያልፋቸው ደረጃዎች አሉ። መጀመሪያ አድራሻው መገኘት አለበት፤ ቀጥሎ ኔትወርኩ እስከ ማሽኑ ማድረስ አለበት፤ እዚያ ሲደርስ ፖርት 3389 (የሪሞት ዴስክቶፕ በር ቁጥር) ላይ የሚያዳምጥ ሰርቪስ (ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) ሊኖር ይገባል፤ ከዚያ ማንነትህ ይረጋገጣል፤ በመጨረሻ ሴሽኑ ተከፍቶ ምስሉ ይመጣል። ችግሩ ያለው ከእነዚህ በአንዱ ላይ ነው። የፓስወርድ ችግር ያለበት ሰው ቀኑን ሙሉ ፋየርዎል ሲጎረጉር የሚውለው ደረጃውን ስላልለየ ነው።

ቨርችዋል ማሽን ከተራው ኮምፒውተር የሚሻልበት አንድ ትልቅ ነገር አለው፤ በኔትወርክ ባትደርስበትም ስክሪኑን ማየት ትችላለህ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራህ ኮንሶሉን (የማሽኑን ስክሪን በቀጥታ የሚያሳየውን መስኮት) መክፈት ነው። በሃይፐር-ቪ ከሆነ «ኮኔክት» የሚለውን፣ በቨርችዋልቦክስ ወይም በቪኤምዌር ከሆነ የማሽኑን መስኮት ክፈት። ክላውድ ላይ ከሆነ አዙር በ«ቡት ዳያግኖስቲክስ» የስክሪኑን ፎቶ ያሳይሃል፤ አማዞንም የኢንስታንሱን ስክሪንሾት የምታይበት አማራጭ አለው። እዚያ ላይ የምታየው ነገር ብዙ ጊዜ ጥያቄውን በአንዴ ይዘጋዋል። ዊንዶውስ አፕዴት መሃል ላይ ሆኖ «አታጥፉኝ» እያለ ሊሆን ይችላል፤ ዲስክ እየፈተሸ ሊሆን ይችላል፤ የቢትሎከር (የዲስክ መቆለፊያው) ቁልፍ እየጠየቀ ወይም ሰማያዊ ስክሪን ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። አፕዴት ላይ ያለን ማሽን ደጋግሞ ሬስታርት ማድረግ ደግሞ ያልነበረ ችግር መፍጠር ነው። ሎግ ኢን ስክሪኑ በሰላም ከመጣ ማሽኑ ደህና ነው፤ ወደ ኔትወርኩ እንሂድ።

እዚህ ላይ ለሃይፐር-ቪ ተጠቃሚዎች አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። «ኢንሃንስድ ሴሽን» የሚባለው አከፋፈት ራሱ የሪሞት ዴስክቶፕ ቴክኖሎጂ ነው፤ ነገር ግን በኔትወርክ ሳይሆን በሆስቱ (ቨርችዋል ማሽኑን በያዘው ኮምፒውተር) እና በማሽኑ መካከል ባለው ውስጣዊ መስመር ነው የሚሄደው። ስለዚህ በእሱ ገባህ ማለት ኔትወርኩ ይሠራል ማለት አይደለም። በእሱ መግባት እምቢ ካለህም ከ«ቪው» ሜኑ ላይ አጥፍተኸው በተራው ኮንሶል ግባ። በኢንሃንስድ ሴሽን ፓስወርድ አልቀበል ያለ ማሽን በተራው ኮንሶል ሲከፈት አይቻለሁ፤ ምክንያቱ የዊንዶውስ ሄሎ ሴቲንግ ነበር።

አሁን ወደ ፒንግ እንምጣ። ፒንግ አለመመለሱ ምንም አያረጋግጥም። የዊንዶውስ ፋየርዎል በነባሪው የፒንግ ጥያቄን አያስገባም፤ ፍጹም ጤነኛ የሆነና ሪሞት ዴስክቶፑ የሚሠራ ማሽንም ፒንግ ላይመልስ ይችላል። በተቃራኒው ፒንግ የሚመልስ ማሽን 3389 ሊዘጋብህ ይችላል። መፈተሽ ያለብህ ፖርቱን ነው። ከላፕቶፕህ ፓወርሼል ክፈትና ቴስት-ኔትኮኔክሽን (Test-NetConnection) የሚለውን ትእዛዝ የማሽኑን አይፒና ፖርት 3389ን ሰጥተህ አስኪደው። መጨረሻ ላይ «ቲሲፒ ቴስት ሰክሲድድ» ከሚለው ፊት «ትሩ» ካለ ኔትወርኩም ፋየርዎሉም ደህና ናቸው፤ ችግርህ ከዚያ በኋላ ባለው ደረጃ ነው፤ ስለ ፋየርዎል ማሰብ አቁም። «ፎልስ» ካለ ግን ወይ አድራሻው ተሳስቷል፣ ወይ መንገዱ ተዘግቷል፣ ወይ የሚያዳምጥ የለም።

ብዙ መመሪያ ላይ «ወዲያው እምቢ ካለህ የሚያዳምጥ የለም፤ ቆይቶ ከተወህ ፋየርዎል ነው» የሚል ታገኛለህ። ለሌላው ማሽን ጥሩ ምልክት ነው። ዊንዶውስ ላይ ግን ብዙ አትመነው፤ ምክንያቱም የዊንዶውስ ፋየርዎል ሥራ ላይ ሲሆን ማንም ለማያዳምጥበት ፖርትም መልስ አይሰጥም፤ ዝም ብሎ ይጥለዋል። ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው። የሚለየው ከውስጥ ነው። በኮንሶል ግባና ኮማንድ ላይ ኔትስታትን በ-ኤኤንኦ (netstat -ano) አስኪደህ 3389 «ሊስኒንግ» ይል እንደሆነ እይ። ወይም ኪውዊንስታ (qwinsta) ብለህ ጻፍ፤ «አርዲፒ-ቲሲፒ» የሚል መስመር «ሊስን» ከሚል ጋር ከመጣ ሰርቪሱ ነቅቶ እየጠበቀ ነው። ከውስጥ እያዳመጠ ከውጭ ካልደረስክ ጥፋቱ መንገዱ ላይ ነው፤ ከውስጥም ካላዳመጠ ጥፋቱ ማሽኑ ላይ ነው። ይህ አንድ ፍተሻ ሥራህን በግማሽ ይቀንሰዋል።

«ትናንት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ እምቢ አለ» ሲባል እኔ በመጀመሪያ የምጠረጥረው አድራሻውን ነው። በኮንሶል ገብተህ አይፒኮንፊግ (ipconfig) በል፤ አንተ የምትደውልለት አይፒ አሁንም የእሱ ነው ወይ? የሃይፐር-ቪ «ዲፎልት ስዊች» ላይ ያለ ማሽን ሆስቱ ሬስታርት ሲደረግ የኔትወርኩ ክልል ሊቀየርበት ይችላል፤ ትናንት የነበረው አይፒ ዛሬ የለም። ለሥራ የምትፈልገው ማሽን ከሆነ የራስህን ስዊች ፈጥረህ ቋሚ አይፒ ስጠው። ክላውድ ላይ ደግሞ የአማዞን ኢንስታንስ ቆሞ እንደገና ሲነሳ፣ ቋሚ አይፒ ካልተመደበለት፣ ፐብሊክ አይፒው ይቀየራል፤ አዙር ላይም የድሮው ዳይናሚክ ፐብሊክ አይፒ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አቁመህ ስትለቀው ይሄድ ነበር። በስም የምትገባ ከሆነም ስሙ የድሮውን አይፒ እያመጣ ሊሆን ይችላል፤ ናስሉካፕ (nslookup) አድርገህ የሚመጣውን አይፒ በኮንሶል ካየኸው ጋር አስተያየው።

ቨርችዋልቦክስ ተጠቃሚ ከሆንክ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ነባሪው ኔትወርክ «ናት» ነው፤ ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ 10.0.2.15 የሚል አይፒ ያገኛል። ማሽኑ ወደ ኢንተርኔት ይወጣል፤ አንተ ግን ከሆስቱ በዚያ አይፒ ልትደርስበት አትችልም፤ አሠራሩ እንዲያ ነው። ሁለት አማራጭ አለህ። አንዱ በፖርት ፎርዋርዲንግ የሆስቱን አንድ ፖርት፣ ለምሳሌ 13389ን፣ ወደ ማሽኑ 3389 መምራትና ሪሞት ዴስክቶፕ ላይ 127.0.0.1 ብለህ ሁለት ነጥብና 13389 መጻፍ ነው። ሌላው ወደ ብሪጅድ (ማሽኑ የሆስቱን ኔትወርክ በቀጥታ ወደሚጋራበት አሠራር) መቀየር ነው። በሆስቱ በኩል እዚያው 3389ን አትጠቀም የምልህ ሆስቱ ራሱ ሪሞት ዴስክቶፕ ከፍቶ ከሆነ ስለሚጋጩ ነው። የቨርችዋልቦክስ የራሱ «ሪሞት ዲስፕሌይ»ም ነባሪ ፖርቱ 3389 ነው፤ እሱ ደግሞ ከማሽኑ ውስጥ ካለው የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ሰው ሁለቱን እያምታታ የተሳሳተውን ሲያስተካክል ያድራል። ብሪጅድ ከመረጥክ ደግሞ የትኛው የሆስት አዳፕተር ላይ እንደታሰረ ተመልከት፤ በኬብል ስትሠራ ቆይተህ ዛሬ በዋይፋይ ከሆንክ ማሽኑ ማንም በሌለበት ኬብል ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

አድራሻው ትክክል ከሆነ ወደ ፋየርዎሉ እንሂድ፤ ግን ለማጥፋት አይደለም። ዊንዶውስ እያንዳንዱን ኔትወርክ ዶሜይን (በአንድ ማዕከል የሚተዳደር የድርጅት ኔትወርክ)፣ ፕራይቬት ወይም ፐብሊክ ብሎ ይመድባል። ማሽኑ ክሎን ሲደረግ፣ አዳፕተሩ ሲቀየር ወይም ስዊቹ ሲለወጥ ዊንዶውስ «ይህን ኔትወርክ አላውቀውም» ብሎ ፐብሊክ ያደርገዋል። የሪሞት ዴስክቶፕ ፈቃዱ ለፕራይቬትና ለዶሜይን ብቻ የተከፈተ ከሆነ በዚያች ቅጽበት ይዘጋል፤ አንተ ምንም ሳትነካ። በኮንሶል ገብተህ ፕሮፋይሉን እይ፤ ከዚያ በፋየርዎሉ የገቢ ፈቃዶች ውስጥ «ሪሞት ዴስክቶፕ» የሚሉትን ፈልግና ለየትኛው ፕሮፋይል፣ ከየትኛው አይፒ ለሚመጣ እንደተፈቀዱ አንብብ። ወንድማችን እንዳለው ፋየርዎሉን ለሙከራ ለጥቂት ደቂቃ ማውረድ ከውጭ በማይደረስበት ኔትወርክ ላይ ምንም አይደለም፤ ፐብሊክ አይፒ ያለው ማሽን ላይ ግን አይሞከርም። የፋየርዎሉን ሰርቪስ ራሱን ማቆም ደግሞ ማይክሮሶፍትም የማይደግፈው ነገር ነው፤ ሌላ ችግር ይጠራል።

ክላውድ ላይ ከማሽኑ ፋየርዎል ውጭ ሌላ አጥር አለ፤ አዙር ላይ «ኔትወርክ ሴኩሪቲ ግሩፕ»፣ አማዞን ላይ «ሴኩሪቲ ግሩፕ» ይባላል። ሁለቱም ካልፈቀድክ በቀር ከኢንተርኔት የሚመጣን አያስገቡም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ፈቃዱን ስትሠራ «የእኔ አይፒ» የሚለውን መርጠህ ነበር፤ ጥሩ አድርገሃል። ነገር ግን የቤትህ ኢንተርኔት አይፒ ቋሚ ካልሆነ፣ ራውተርህ ጠፍቶ ሲነሳ አዲስ አይፒ ይዞ ይመጣል፤ ክላውዱ አንተን አያውቅህም። ማሽኑም ደህና፣ ሴቲንጉም ደህና፣ የተቀየርከው አንተ ነህ። ታዲያ መፍትሔው አዲሱን አይፒህን ማስገባት እንጂ 3389ን ለዓለም ሁሉ መክፈት አይደለም። ለኢንተርኔት የተከፈተ 3389 ፓስወርድ የሚገምቱ ሮቦቶች ወዲያው ያገኙታል። በ2019 ዓ.ም. በፈረንጆቹ «ብሉኪፕ» የተባለው ቀዳዳ ሲወጣ ደግሞ በአሮጌዎቹ ዊንዶውሶች ላይ ያለ ፓስወርድ መግባት የሚያስችል እንደነበር አትርሳ። ቪፒኤን ወይም የአዙር ባስቲየንን የመሰለ መግቢያ ተጠቀም።

ከውስጥ ስታየው 3389 ጨርሶ ካላዳመጠ ምክንያቶቹ ጥቂት ናቸው። ዊንዶውሱ «ሆም» የሚባለው ዕትም ከሆነ ነገሩ አልቋል፤ ሆም ሌላውን ማሽን በሪሞት ይከፍታል እንጂ እሱ ራሱ አይከፈትም፤ ፕሮ ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ሪሞት ዴስክቶፕ ከሴቲንግ ላይ ጠፍቶም ሊሆን ይችላል፤ ከፍተኸው ተመልሶ ከጠፋ ከላይ ግሩፕ ፖሊሲ (አስተዳዳሪው የሚያወርደው የሴቲንግ ሕግ) እየዘጋው ነው ማለት ነው። «ሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቪስስ» የሚባለው ሰርቪስ መነሳቱን እይ። አንድ ሰው «ለደኅንነት» ብሎ ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የሴቲንግ ማኅደር) ላይ የፖርቱን ቁጥር ቀይሮት ከሆነ ደግሞ ማሽኑ በሌላ ፖርት እየጠበቀህ ነው፤ ፋየርዎሉ ግን ያንን ፖርት አያውቀውም። አዙር ላይ ለምትሠሩ፣ «ሪሴት ፓስወርድ» የሚለው ገጽ ውስጥ ኮንፊገሬሽኑን ብቻ የሚመልስ አማራጭ አለ፤ ሪሞት ዴስክቶፑንና የፋየርዎሉን ፈቃድ መልሶ ይከፍታል፤ በዚህ ሁኔታ ላይ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ፖርቱ «ትሩ» ብሎ እያለ መግባት ከከለከለህ ግን ሌላ ዓለም ነው። እዚህ ላይ የስህተቱን መልእክት እስከ መጨረሻው ማንበብ ግድ ነው፤ አብዛኛው ሰው ሳያነበው «ኦኬ» ይጫናል። «ክሬድኤስኤስፒ» (የመግቢያ መረጃህን ለማሽኑ የሚያደርሰው ዘዴ) የሚል ቃል ካየህ፣ ከሁለቱ ማሽኖች አንዱ በፈረንጆቹ ከ2018 ጀምሮ ያሉትን የደኅንነት አፕዴቶች አልወሰደም ማለት ነው። ማይክሮሶፍት በዚያ ዓመት በማርች መፍትሔውን አውጥቶ በሜይ ነባሪውን አጠበቀው፤ ያልታደሰው ማሽን ከታደሰው ጋር መነጋገር አቃተው። ድሮ የተቀመጠ ስናፕሾት (የማሽኑ የአንድ ወቅት ቅጂ) ወይም ቴምፕሌት ስታነሳ እስከ ዛሬ የሚያጋጥመው ይኸው ነው። በኮንሶል ገብተህ ማሽኑን አዘምነው፤ ሬጂስትሪ ላይ ጥበቃውን የሚያላላው ዘዴ ቢያስገባህም እንዲያው አትተወው።

ፓስወርዱ ትክክል መሆኑን እርግጠኛ ሆነህም «ትክክል አይደለም» ካለህ እነዚህን ተመልከት። ፒን በሪሞት አይሠራም፤ የሚፈለገው ፓስወርዱ ነው። ፓስወርድ የሌለው አካውንት በነባሪው በኮንሶል ብቻ እንጂ በሪሞት አይገባም። ሎካል አካውንት ከሆነ ከስሙ በፊት ነጥብና ወደ ኋላ ያዘነበለ ሰረዝ ጨምር፤ አለዚያ ላፕቶፕህ የራሱን ዶሜይን ስም አስቀድሞ ይልከዋል። «በሚቀጥለው ሎግ ኢን ፓስወርድ ይቀየር» የተባለ አካውንትም ኤንኤልኤ (ሴሽኑ ከመከፈቱ በፊት ማንነትን የሚያረጋግጠው ጥበቃ) ባለበት ማሽን ላይ በሪሞት አይገባም፤ መጀመሪያ በኮንሶል ገብቶ መቀየር አለበት። አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ 11 ከ22ኤች2 ጀምሮ ደግሞ በ10 የተሳሳተ ሙከራ አካውንቱን ለ10 ደቂቃ ይዘጋል። እየተናደድክ ደጋግመህ ስትሞክር ራስህን ትቆልፋለህ ማለት ነው።

ማሽኑ ዶሜይን ውስጥ ከሆነና ስናፕሾት መልሰህበት ከሆነ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ ሰዓቱ፤ ከርቤሮስ (የዶሜይኑ ማንነት ማረጋገጫ) በነባሪው ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት አይታገስም። ሁለተኛ የማሽኑ ራሱ ከዶሜይኑ ጋር ያለው ሚስጥር ቃል፤ ይህ በነባሪው በየ30 ቀኑ ይቀየራል፤ የቆየ ስናፕሾት ስትመልስ ማሽኑ የድሮውን ይዞ ይመጣል፤ ዶሜይኑ አይቀበለውም። በሎካል አድሚን ገብተህ በፓወርሼል ቴስት-ኮምፒውተር-ሴኪውርቻነልን በሪፔር (Test-ComputerSecureChannel -Repair) አስኪደው፤ ከዶሜይን አውጥቶ መመለስ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም።

በሰርቨር ላይ ለወራት በሰላም ሲሠራ ቆይቶ አንድ ቀን ድንገት «የላይሰንስ ሰርቨር የለም» ካለህ፣ የሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቪስስ ሮል (ብዙ ተጠቃሚ እንዲገባ የሚያደርገው የሰርቨሩ ክፍል) ተጭኖ የ120 ቀኑ ማሳለፊያ አልቋል ማለት ነው። በኤምኤስቲኤስሲ (ሪሞት ዴስክቶፕን በሚከፍተው ትእዛዝ) ላይ /አድሚን ጨምረህ (mstsc /admin) ትገባለህ፤ ከዚያ ወይ ላይሰንሱን አስተካክል፣ ወይ ካላስፈለገህ ሮሉን አንሳው። ያለ ሮሉም ሁለት አድሚኖች አብረው መግባት ይችላሉ።

ገብተህ ጥቁር ስክሪን ብቻ ካየህ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኢንድ ተጫን፤ ከሚመጣው ገጽ ታስክ ማናጀርን ምረጥ፤ ታስክ ማናጀር ከመጣ ሴሽኑ ሕያው ነው፤ የጠፋው ኤክስፕሎረሩ ነው። በቪፒኤን ስትገባ ብቻ የሚቆራረጥ ወይም የሚጠቁር ከሆነ ዩዲፒውን (ከቲሲፒ የተለየውን የመረጃ መላኪያ ዘዴ) እጠረጥራለሁ፤ ሪሞት ዴስክቶፕ ከዊንዶውስ 8 ዘመን ጀምሮ ከቲሲፒ ጎን ዩዲፒም ይጠቀማል፤ አንዳንድ ቪፒኤኖች አይመቹትም። ከላፕቶፕህ በግሩፕ ፖሊሲ ዩዲፒውን አጥፍተህ ሞክር። ሊኑክስ ላይ በኤክስአርዲፒ (የሊኑክስ የሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቨር) የምትገቡ ደግሞ፣ ያው ተጠቃሚ በኮንሶል ገብቶ ካለ መጀመሪያ ከዚያ ውጡ፤ ጥቁር ስክሪን ወይም ገብቶ ወዲያው መውጣት ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው።

ሁሉም ሲያልቅብህ ኢቨንት ቪወር (ዊንዶውስ የመዘገባቸውን ክስተቶች የሚያሳየው ፕሮግራም) አለ። ሴኩሪቲ ሎግ ውስጥ 4625 (ያልተሳካ የመግባት ሙከራ) ካየህ የተሞከረበትን ስም አንብብ፤ ያንተ ስም ከሆነ ማሽኑ ድረስ ደርሰሃል፤ የቀረው የማንነት ጉዳይ ነው። ያላወቅካቸው ስሞች ተደርድረው ካየህ ደግሞ ፖርትህ ለኢንተርኔት ክፍት ነው፤ የዛሬውን ችግር ትተህ መጀመሪያ እሱን ዝጋ።

አንተ ጋ ስመለስ፣ የትኛው ፕሮግራም ላይ እንደጫንከው አልጻፍክም። እስቲ ይህን ላክልን፦ ሃይፐር-ቪ ነው፣ ቨርችዋልቦክስ ነው ወይስ ክላውድ፤ ኮንሶሉ ላይ አሁን የሚታየው ምንድን ነው፤ በአይፒኮንፊግ የወጣው አይፒ አንተ ከምትጽፈው ጋር አንድ ነው ወይ፤ የፖርቱ ፍተሻ ከውጭ ምን አለ፤ ኔትስታት ከውስጥ ምን አለ። ስክሪንሾት ስታደርግ ፐብሊክ አይፒህንና የተጠቃሚ ስምህን ሸፍናቸው።